የዕጣን ዛፍ ዘር ለምን ይለያያል? ከመተማ እስከ ተከዜ

ከጎንደር ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ ወይም ወደ ታች አርማጭሆ የሚወርድ ሰው የዕጣን ዛፍ አያጣም። የሚያጣው ወጣቱን ነው። ጎልማሳውና አሮጌው ቆሟል፤ በክረምት በሥሩ ችግኝ ብቅ ይላል፤ በሁለቱ መካከል መኖር የነበረበት፣ የክንድ ውፍረት ያለው፣ ነገ እናቱን የሚተካው ዛፍ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በፍራንስ ቦንገርስ መሪነት የታተመ ጥናት ዛፉ ከሚበቅልባቸው አካባቢዎች 23 የዛፍ ስብስቦችን መርምሮ በሦስት አራተኛዎቹ ትናንሽ ዛፎች እንደሌሉ አሳይቷል። ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚወርድም ገምቷል። ሳይንሱ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚለው ይህ ዛፍ ነው፤ ከዓለም የዕጣን ንግድ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚሸፍነውም እሱው ነው።

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ሁሉም «ችግኝ እናፍላ» ይላል። ትክክል ነው። ግን ችግኙ ከየትኛው ዘር ይፈላ? የመተማው ይሻላል ወይስ የተከዜው? ትልልቁ ዘር ይመረጥ ወይስ ቶሎ የሚበቅለው? ብዙ ጊዜ የሚደረገው ከሁለት ከሦስት ቦታ ዘር አምጥቶ፣ መዝኖ፣ ዘርቶ፣ ቀድሞ የበቀለውንና ረዝሞ የታየውን «ምርጥ ዘር» ማለት ነው። ለዚህ ዛፍ ይህ አካሄድ በቀጥታ ወደ ስሕተት ይወስዳል። ምክንያቱም ከሁለት ቦታ በመጣ ዘር መካከል የምናየው ልዩነት ሦስት ምንጭ አለው፦ የዘር ሐረጉ፣ እናት ዛፏ የቆመችበት መሬትና የዓመቱ ዝናብ፣ እንዲሁም እናት ዛፏ ዕጣን ስትለቀም የቆየችበት ሁኔታ። ሦስቱ ሳይለያዩ የተሰጠ ፍርድ ስለ ዘሩ ብዙም አይናገርም። እኔ በተለይ ሦስተኛው ያሳስበኛል፤ ከሁሉም በላይ የሚረሳው እሱ ነውና።

የዛፉን ዓመት እንየው። ቅጠል የሚኖረው በክረምት ለአራት ወር ያህል ነው። በዚያ ጊዜ የሚሠራውን ምግብ በግንዱ፣ በቅርንጫፉና በሥሩ ያከማቻል። መስከረም ሲያልፍ ቅጠሉን ያራግፋል። ከዚያ በኋላ ያለ ቅጠል ያብባል፣ ያለ ቅጠል ያፈራል፤ አበባውም ፍሬውም የሚሠሩት ከክረምቱ ቁጠባ ነው። ለቀማውም የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። ከመስከረም መጨረሻ ወይም ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ግንቦት መገባደጃ ድረስ ልጡ በስለት ይፋቃል (ብጣት የሚባለው ይህ ነው)፣ ፈሳሹ ይደርቃል፣ ይለቀማል፣ ቁስሉ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ እንደገና ይታደሳል። ዕጣኑም ዘሩም ከአንድ ቁጠባ ነው የሚወጡት። እንግዲህ ብዙ ጊዜ የተበጣች እናት ለፍሬዋ የሚተርፋት ያንሳል። በደቡብ ምዕራብ ኤርትራ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ ካልተበጡ ዛፎች የተገኘው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ከተበጡት የተገኘው ከ16 በመቶ በታች ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ዛፍ ናቸው። ያንን ልዩነት የዘር ሐረግ ልዩነት አድርጎ የሚያነብ ሰው ምን ያህል እንደሚሳሳት መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ጎንደር መልክዓ ምድር እንምጣ። ዛፉ በሁለት ፊት ይገኛል። አንደኛው ምዕራቡ ነው፦ መተማ፣ ቋራ፣ ታች አርማጭሆ፣ ጠገዴ፤ ወደ ሱዳን ድንበር የሚዘረጋው ሞቃት ቆላ። ሁለተኛው ከሰሜን ተራሮች ወዲያ ማዶ ወደ ተከዜ የሚወርደው ገደላማ ምሥራቅ ነው። በመካከላቸው ደጋው አለ፣ እሱም ለዚህ ዛፍ የሚሻገሩት አይደለም፤ ዘሩ ከባድ ስለሆነ ከእናቱ እምብዛም አይርቅም፣ የአበባውን ዱቄት የሚያመላልሱት ነፍሳትም ተራራ ተሻግረው አያደርሱትም። ስለዚህ ሁለቱ ፊቶች ለረጅም ዘመን ተለያይተው እንደኖሩ ማሰብ ተገቢ ነው። የተከዜው ፊት ዝናቡ አጭርና አነስተኛ፣ አፈሩ ስስና ድንጋያማ፣ ከፍታውም በአብዛኛው ከመተማው የበለጠ ነው። በዚህ ዓይነት ቦታ የኖረ የዛፍ ስብስብ ሥሩን ቶሎ የሚያወፍር፣ ቅጠሉን ቶሎ የሚያራግፍ ችግኝ ቢኖረው አይገርምም። ግን ይህ ግምት ነው፤ ግምቱን ማረጋገጥ የሚቻለው የሁለቱን ዘር በአንድ ቦታ፣ በአንድ አፈር፣ በአንድ ውኃ አብቅሎ ሲያወዳድሩ ብቻ ነው።

የሥራው ግማሽ የሚያልቀው አንድ ፍሬ እንኳ ሳይለቀም፣ እናት ዛፍ ሲመረጥ ነው። ከእያንዳንዱ ሥፍራ ቢያንስ 30 እናት ዛፍ ይያዝ፤ 50 ቢሆን ይመረጣል። በሁለት እናቶች መካከል 100 ሜትር ያህል ርቀት ይኑር፤ ጎን ለጎን የቆሙ ዛፎች ብዙ ጊዜ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከ30ዎቹ ግማሾቹ በቅርብ ዓመታት ያልተበጡ፣ ግማሾቹ በየዓመቱ የሚለቀሙ ይሁኑ። ይህ ነጥብ ለድርድር አይቀርብም። ከመተማ የመጡት እናቶች በሙሉ የተበጡ፣ ከተከዜ የመጡት በሙሉ ያረፉ ከሆኑ፣ ኋላ ላይ የትኛውም የስታቲስቲክስ ስሌት ቦታውን ከብጣቱ ነጥሎ ማውጣት አይችልም። ያልተበጣ ዛፍ ጠፋ ከተባለ ለመኪና የማይመች ገደል አፋፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ለለቃሚ የራቀ ቁልቁለት መፈለግ ነው። ከነዚህ በአንዱ አይጠፋም።

ለእያንዳንዱ እናት አንድ ገጽ ይከፈት። በደረት ቁመት ማለትም በ1.3 ሜትር ላይ ያለው የግንድ ውፍረት፣ የዛፉ ቁመት፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ የቁልቁለቱ አቅጣጫ ይጻፍ። ከዚያ ከግንዱ ላይ ስንት የብጣት ጠባሳ እንዳለ ይቆጠር፤ ያገገመውና ገና ትኩስ የሆነው ለየብቻ ይመዝገብ። ለቃሚዎቹን መጠየቅም ያስፈልጋል፤ የትኛው ዛፍ መቼ እንዳረፈ ከማንም ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። በልጡ ላይ የጥንዚዛ ቀዳዳ ካለም ይጻፍ። ኢዳክተስ የሚባለው ረጅም አንቴና ያለው ጥንዚዛ ትሉ እንጨቱን ውስጥ ለውስጥ ይበላል፤ የተበላ ዛፍ ፍሬም ብጣት ካደከመው ዛፍ ፍሬ ጋር ሊምታታ ይችላል።

ፍሬው የሚደርስበትን ጊዜ ከቀን መቁጠሪያ ላይ ማንበብ አይቻልም። በጥቅሉ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ ከፍታው ሲለያይ ግን ሳምንታት ይለያያሉ። የሚታየው ፍሬው ራሱ ነው፦ አረንጓዴነቱ ለቆ ወደ ቀይ ቡናማ ሲያደላ፣ ቅርፊቱ ደረቅ ብሎ ስንጥቁ ሊታይ ሲል። ፍሬው ብዙውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፣ በየክፍሉ አንድ ዘር ይይዛል። አረንጓዴ ሳለ የተለቀመ ዘር ውስጡ ገና ስላልጠነከረ ሲደርቅ ይጨማደዳል። የዘገየ ሰው ደግሞ የሚያገኘው ባዶ ቅርፊት ነው። በሁለት ሥፍራ መካከል የሚደረግ ንጽጽር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቡድን በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ሥፍራ ዞሮ ይለቅምና ከአንደኛው የደረሰ፣ ከሌላኛው ያልደረሰ ፍሬ ይዞ ይመለሳል። ቀኑ ይለያይ፤ የፍሬው ደረጃ ግን አንድ ይሁን።

ቅርንጫፉ ተሰባሪ ስለሆነ፣ በተለይ በብጣት የደከመ ዛፍ ላይ፣ መውጣት አደገኛ ነው። ከሥር ሸራ ተነጥፎ ፍሬው ጫፉ ላይ ቆልማማ ባለው ረጅም ዘንግ ይውረድ። ከዘውዱ ከአራቱም አቅጣጫ ይለቀም። ከአንድ ዛፍ ከደረሰው ፍሬ ከአንድ አምስተኛ በላይ አይወሰድ፤ የተዳከመ ጫካን ዘር ጠርጎ መውሰድ ለማዳን የወጡለትን ነገር መጉዳት ነው። የእያንዳንዱ እናት ፍሬ ለብቻው በአቡጀዲ ከረጢት ይግባ። ፕላስቲክ አይሆንም፤ በመተማ ሙቀት ውስጡ ያልበውና በአንድ ሌሊት ይሻግታል። የእናቲቱ ቁጥር በእርሳስ ተጽፎ አንዱ ወረቀት ከረጢቱ ውስጥ፣ ሌላው ውጭ ይሁን። የብዕር ቀለም ፀሐይና ላብ ያጠፋዋል፣ እርሳስ ግን ይቆያል።

ፍሬው በጥላ ሥር በስሱ ተነጥፎ ለጥቂት ቀን ሲቆይ ራሱ ይከፈታል። አሁን ትልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ቦታ ላይ ደረስን። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ልማድ ዘሩን በሰፌድ አንፍሶ ቀላሉን መጣል ወይም ውኃ ላይ አድርጎ የሚንሳፈፈውን መድፋት ነው። ችግኝ ለማፍላት ጥሩ ነው። ልዩነትን ለማጥናት ግን መረጃውን ከገለባው ጋር መጣል ነው፤ የተበጣች እናት ጉዳት በዋናነት የሚታየው በባዶ ዘር ብዛት ነውና። አንፍሰን ስንጨርስ በሰፌዱ ላይ የሚቀረው ከሁሉም ቦታ የተመረጠ ፍሬያማ ዘር ብቻ ይሆናል፣ ሁሉም እናት አንድ ትመስላለች። ስለዚህ ከማንፈስ በፊት ከእያንዳንዷ እናት ሳይመረጥ 100 ዘር ይቆጠርና ይቆረጥ።

የመቁረጥ ፈተናው ስለትና ማጉያ መነጽር ብቻ ነው የሚፈልገው። ዘሩ በርዝመቱ ለሁለት ይከፈላል። ውስጡ ነጭ፣ ጥብቅና እርጥበት ያለው ከሆነ ሙሉ ነው። የተጨማደደ ወይም ቢጫ ያዘነበለ ከሆነ የተጀመረና ያልተጨረሰ። ከቅርፊቱ በቀር ምንም ከሌለ ባዶ። ትል ወይም የትል ዱቄት ካለ የተበላ። አራቱ ለየብቻ ይቆጠሩ። ባዶው የሚበዛበት ምክንያትም አንድ ብቻ አይደለም። ከሩቅ የሚመጣ የአበባ ዱቄት ሲያጥርም ዘር ባዶ ይሆናል፤ የሕንዱ ዘመዱ ቦስዌሊያ ሴራታ በራሱ ዱቄት ፍሬ እንደማይዝ የታወቀ ነው። ዛፎች ተራርቀው የቀሩበት ጫካ ስለዚህ ያልተበጣም ቢሆን ብዙ ባዶ ዘር ሊሰጥ ይችላል። ከእናቲቱ በ50 ሜትር ዙሪያ ውስጥ ስንት ያበበ ዛፍ እንዳለ መቁጠር ይህን ለመለየት ይረዳል።

ክብደት ለመመዘን ከሙሉ ዘር መካከል በዕድል የተነሡ 100 ዘሮች ስምንት ጊዜ ይመዘናሉ፤ አማካዩ በ10 ሲባዛ የ1,000 ዘር ክብደት ይሆናል። በስምንቱ ሚዛኖች መካከል ያለው የልዩነት ኮፊሸንት (ሚዛኖቹ ከአማካዩ በመቶኛ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየው ቁጥር) ከ4 በመቶ ካለፈ እንደገና ስምንት መመዘን ነው የዓለም አቀፉ የዘር ምርመራ ደንብ። ይህ ከብዙ እናት ለተቀላቀለ ዘር ነው። የእያንዳንዷን እናት ለማወቅ ግን 50 ዘር አንድ በአንድ በስሱ ሚዛን መመዘን የተሻለ ነው፤ አማካዩን ብቻ ሳይሆን በአንዲት እናት ልጆች መካከል ያለውን ስፋትም ያሳያልና። ርዝመትና ስፋት ካሊፐር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ይለካ፣ ግን ከክብደቱ ብዙም የተለየ ነገር አይነግርም።

ወደ ማብቀል እንሂድ። ከእያንዳንዷ እናት 100 ዘር፣ 25 25 እየተደረገ በአራት ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ባለው ጠፍጣፋ የላቦራቶሪ ሳህን)፣ በእርጥብ ማጣሪያ ወረቀት ላይ፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ይቀመጥ። እዚህ ላይ ጎንደር ከተማ የራሷ ችግር አላት። ከተማዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች በሌሊት ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ የቆላ ዛፍ ዘር በዚያ ቅዝቃዜ ይዘገያል፣ የዘገየውን ደግሞ ሻጋታ ይቀድመዋል። ሙቀቱን የሚቆጣጠር ሳጥን ከሌለ ፈተናው ታች ቆላ፣ ገንዳ ውኃ ወይም ሳንጃ ቢሠራ ይሻላል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይቆጠር፤ ሥሩ 2 ሚሊሜትር ሲወጣ በቀለ ይባላል፤ 30ኛው ቀን ላይ ያልበቀለው ሁሉ ይቆረጥና ለምን እንዳልበቀለ ይታይ።

ሁለት ቁጥር ለየብቻ ይውጣ። ለምሳሌ ከ100 ዘር 32 በቀለ እንበል፣ ካልበቀሉት 68 ውስጥ 60ው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከጠቅላላው 32 በመቶ ነው የበቀለው፤ ከሙሉዎቹ 40 ግን 80 በመቶ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ኪሎ ዘር እንደሚያስፈልገን ይነግረናል፣ ሁለተኛው ዘሩ ሲሞላ ጤናማ እንደሆነ። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያይ ሰው ያቺን እናት «ደካማ» ብሎ ይጥላታል። ምናልባት ግን የደከመችው በብጣት ነው፤ ሦስት አራት ዓመት ብታርፍ ጥሩ ዘር የምትሰጥ ትሆናለች። ፍጥነቱንም ማስላት ይቻላል፦ የእያንዳንዱ ቀን ብቅለት በቀኑ ቁጥር ይባዛና ድምሩ ለበቀለው ሁሉ ይካፈላል። በ6ኛው ቀን 5፣ በ8ኛው 10፣ በ12ኛው 5 ቢበቅል፣ 30 ሲደመር 80 ሲደመር 60፣ 170 ይሆናል፤ ለ20 ሲካፈል 8.5 ቀን። ፍጥነት ዋጋ ያለው በመተማ የመጀመሪያው ዝናብ ከወረደ በኋላ ለብዙ ቀን ሊቋረጥ ስለሚችል ነው። በጣም ፈጥኖ የሚበቅል ዘር በዚያ መቋረጥ ይያዛል። በአንድ ጊዜ ሁሉም ከሚበቅል ዘር ይልቅ በመጠኑ ተከፋፍሎ የሚበቅል ስብስብ ለጫካ የሚሻልበት ጊዜ አለ፣ ለችግኝ ጣቢያ አይመችም እንጂ።

ለማስቀመጥ ግን ጎንደር ከቆላው ትበልጣለች። በዘር ሥራ የታወቀ አንድ መመሪያ አለ፦ የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር፣ ወይም የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ይረዝማል። 35 ዲግሪ ከሆነ የመተማ መጋዘን 20 ዲግሪ ወደሆነ የጎንደር ክፍል የተዛወረ ዘር በሙቀቱ ብቻ ስምንት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ደርቆ ከሆነ ብቻ። ክረምት ከመግባቱ በፊት አየር በማያስገባ ማሰሮ ወይም ክዳኑ ጎማ ባለው ጠርሙስ ይታሸግ፤ ሐምሌ የጎንደር አየር እርጥብ ነው፣ ክፍት የተቀመጠ ዘር ያን እርጥበት ይጠጣል። አንደኛው ሥፍራ ዘር መተማ፣ ሌላኛው ጎንደር ተቀምጦ የተሠራ ንጽጽር ግን የመጋዘን ንጽጽር ነው፤ ከለቀማ እስከ ዘር መዝሪያ ቀን ሁሉም አንድ ላይ መቀመጥ አለበት።

ችግኙን ከተማ ማፍላት አልመክርም። ጣቢያው ቆላ ይሁን። የተለመደው ድብልቅ ሦስት እጅ የጫካ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው፤ ለዚህ ዛፍ አሸዋውን ከፍ አድርጎ ኮምፖስቱን መቀነስ ይሻላል፣ ውኃ ተኝቶበት ከሚቀር አፈር በላይ የሚጠላው ነገር የለም። ፕላስቲኩ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይርዘም። ዘሩ ከ12 እስከ 24 ሰዓት በቀዝቃዛ ውኃ ይነከርና ከ1 ሴንቲሜትር በማይበልጥ ጥልቀት፣ ሁለት ሁለት እየተደረገ ይዘራ፤ ከሁለቱ አንዱ በኋላ ይነቀላል። የሚነቀለው ሁልጊዜ ትንሹ ከሆነ ምርጫ ገብቶበታል፤ ሳንቲም ጥሎ መንቀል ነው። መደቡ በአራት ብሎክ ይከፈል፣ በእያንዳንዱ ብሎክ የሁሉም እናት ልጆች በዕጣ በወጣ ቅደም ተከተል ይደርደሩ። ዳር ያለው ረድፍ አይለካ፤ ፀሐይም ውኃም ከመሐሉ የተለየ ያገኛል። ለምን በብሎክ ቢባል፣ የትኛውም መደብ አንዱ ጫፉ ከቧንቧው የቀረበ፣ ሌላው ጫፉ ጥላ የበዛበት ነው። የመተማ ዘር በአንደኛው ጫፍ፣ የተከዜ ዘር በሌላው ተዘርቶ «የመተማው በለጠ» የተባለበት ሥራ ዋጋ የለውም።

ብዙ ችግኝ የሚሞተው በውኃ እጥረት ሳይሆን በውኃ ብዛት ነው። አንገቱ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ላይ ጠቁሮ፣ ሟሙቶ ይወድቃል። ጠዋት አንድ ጊዜ ማጠጣት፣ የአፈሩ ላይኛ ክፍል ደረቅ እስኪል መጠበቅ፣ ጥላውን ቀስ በቀስ ማንሣት ይበቃል።

በየወሩ የሥር አንገት ውፍረት፣ ቁመትና የቅጠል ቁጥር ይለካ። በሦስተኛው ወር ከየእናቲቱ አምስት አምስት ችግኝ ተነቅሎ አፈሩ በውኃ ቀስ ብሎ ይታጠብና ሥሩ ከግንዱ ተለይቶ በ70 ዲግሪ ለ48 ሰዓት ይድረቅ፣ ይመዘን። ከሁሉም ልኬት የምወደው ይህንን ነው። የዕጣን ዛፍ ችግኝ ከአፈር በላይ የሚታየው ጥቂት ነው፤ ሥሩ ግን እንደ ካሮት አብጦ ውኃና ምግብ ይይዛል። የሚያሻግረውም እሱ ነው። ቁመት ብቻ የሚለካ ሰው ለቆላ በጋ ያልተዘጋጀውን ችግኝ ይመርጣል። የሥሩ ክብደት ለግንዱ ሲካፈል ከፍ ያለ ቁጥር የሚሰጡ እናቶች በቁመት ሰንጠረዥ ላይ ብዙ ጊዜ ግርጌ ሊገኙ ይችላሉ።

ደግሞም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁመት የዘሩን ስንቅ ነው የሚያሳየው። ከትልቅ ዘር ትልቅ ችግኝ ይወጣል፣ ትልቁ ዘር ደግሞ ካረፈች እናት ነው የሚመጣው። ይህ ብልጫ ችግኙ የራሱን ምግብ መሥራት ሲጀምር እየደበዘዘ ይሄዳል። በመጀመሪያው ወር የታየ የሥፍራ ልዩነት በስድስተኛው ወር ከጠፋ የዘር ሐረግ ሳይሆን የስንቅ ልዩነት ነበር። ከጸና፣ ወይም እያደር ከሰፋ፣ ያኔ ትኩረት ይገባዋል። ስሌቱ ላይ የዘር ክብደትን እንደ ተጓዳኝ ተለዋዋጭ ማስገባት፣ ማለትም የዘሩ ክብደት ያመጣውን ልዩነት አስልቶ መቀነስ፣ ይህን በቁጥር ያጠራዋል።

ከዚያ ጥቅምት ይመጣል። የችግኙ ቅጠል ይረግፋል፣ ቀንበጡ ከላይ ወደ ታች ይደርቃል። ፕላስቲኩ ውስጥ የቀረው የደረቀ ጭራሮ ይመስላል፤ በብዙ ጣቢያ «ሞቷል» ተብሎ የሚደፋው በዚህ ጊዜ ነው። አይደፋም! የሥር አንገቱ በጥፍር ትንሽ ቢጫር አረንጓዴ ወይም እርጥብ ነጭ ሆኖ ይገኛል። በጫካም እንዲሁ ነው፤ ችግኙ ለዓመታት በየበጋው ከላይ እየሞተ በየሰኔው ከሥሩ እየታደሰ ይኖራል፣ ሥሩ በቂ ሲወፍር ነው አንድ ዓመት ቀንበጡን ይዞ በጋውን የሚያልፈው። ስለዚህ የመኖር ቆጠራ በጥር አይደረግም። የሚቆጠረው ሰኔ ላይ፣ ከሁለት ሦስት ጥሩ ዝናብ በኋላ ያቆጠቆጠው ነው። አንድ ክረምት ብቻ የታየ ሙከራ ለዚህ ዛፍ ግማሽ ሙከራ ነው፤ ቢያንስ ሁለተኛው ክረምት እስኪወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹ ሲነበቡ ልዩነቱ በሦስት ይከፈል፦ በሥፍራዎች መካከል፣ በአንድ ሥፍራ ባሉ እናቶች መካከል፣ በአንዲት እናት ልጆች መካከል። ነፍሳት እያዳቀሉት በሚኖር ዛፍ ላይ ከሥፍራዎቹ ልዩነት ይልቅ የእናቶቹ በዝቶ ቢገኝ የሚጠበቅ ነው። እንዲህ ከሆነ «የመተማ ዘር» ወይም «የተከዜ ዘር» ብሎ በጅምላ መምረጥ ትርጉም የለውም፤ የሚፈለገው ከየሥፍራው ብዙ እናት ነው። ከአሥር ዛፍ የተለቀመ ሁለት ኩንታል ዘር ከሃምሳ ዛፍ ከተለቀመ አንድ ኩንታል ያንሳል። ከቅርንጫፍ ቁራጭ ለሚያበዙትም ይኸው ይሠራል፦ ከዝናብ በፊት የተተከለ ከ1 ሜትር በላይ የሆነ ወፍራም ቁራጭ ከችግኝ ይልቅ ቶሎ ይቆማል፣ ግን ከአምስት ዛፍ የተቆረጠ አምስት መቶ ቁራጭ አምስት ዛፍ ነው።

ሥፍራዎቹ በእርግጥ ከተለያዩ ደግሞ፣ በተለይ በሥር ክብደትና በሰኔ ቆጠራ፣ የምዕራቡ ዘር ለምዕራብ፣ የተከዜው ለተከዜ ይሁን። ሁለቱን በአንድ መስክ ቀላቅሎ መትከል ለጊዜው ይቆየን፤ የተደባለቀ ዘር ኋላ መለየት አይቻልም። በአንድ ፊት ውስጥ ግን የተነጠሉና የተመናመኑ ጫካዎች ከጎረቤታቸው ዘር ቢያገኙ ይጠቅማቸዋል።

ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ፣ ላቦራቶሪም አይጠይቅም። ዕጣን የሚያመርቱ ማኅበራት በየይዞታቸው 30 ወይም 50 ጤነኛ ዛፍ መርጠው በቀለም ምልክት ቢያደርጉና ከብጣት ቢያሳርፉ፣ የዘር እናት ይኖራቸዋል። አንድ ዓመት ማሳረፍ የሚበቃ አይመስለኝም፤ ለዓመታት የተሟጠጠ ቁጠባ በአንድ ክረምት አይሞላም። ቢያንስ ሦስት ክረምት ይለፍ፣ በየዓመቱም ከየዛፉ 100 ዘር እየተቆረጠ የሙሉው ድርሻ ሲያድግ ይታይ። የተመረጡት ዛፎች ከይዞታው ሁሉ ተበታትነው ይሁኑ እንጂ አንድ ጥግ ላይ አይሰብሰቡ፤ ከሚለቀሙት መካከል የተሻለ ዕጣን የሚሰጡትም ይግቡበት። ምልክቱ ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ብሎ ይቀባ፤ ዝቅ ካለ የመጀመሪያው የበጋ እሳት ያጠቁረዋል። ሣሩ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ከጥቅምት አጋማሽ በፊት፣ በእያንዳንዱ ዛፍ ዙሪያ 3 ሜትር ይታጨድ፤ በሥሩ የበቀለው ችግኝም አብሮ ታጭዶ እንዳይሄድ በእንጨት ይከለል።